ለመሀለኛው ስጥ

ጥር 6

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ቁመትህን ወጥቶ ጆሮህ ድረስ ይድረስ። እኔና ባለቤቴ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የሰው አገሩ ብርድ ጠንክሯል እንጂ ሌላ የጎደለን ነገር የለም።

ኮሌጃችሁ ለወንዶች የመረብ ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና ማለፉን እናትህ በስልክ ስትነግረኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው፣ እንደምታውቀው፣ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ካውያውን አንሶላው ላይ እንደተውኩት ጮህኩ። አለቃዬ እጄን ያቃጠልኩ መስሏት እየሮጠች መጣች። «የእህቴ ልጅ ለብሔራዊ ውድድር አለፈ» ብላት፣ «ታዲያ አንሶላው ምን አደረገ?» አለችኝ። መሀሉ ተቃጥሎ ነበር።

እኔም በተማሪነቴ ለዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሻለሁ። ደረስኩ ማለቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴ ከፍጻሜው በፊት ተበላሸና ጨዋታውን ከዳር ሆኜ፣ የሰው ፎጣ ታቅፌ አየሁት። ከዳር ሲያዩት ደግሞ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል። የቱ ጋ ክፍት እንደሆነ፣ ማን እንደደከመ፣ ኳሱ ለማን መሄድ እንዳለበት ይታየኝ ነበር። የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ተሸነፍን። ያን ቀን ያልተናገርኩት ነገር ይኸው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ስለዚህ አንተ ጠይቀኝ። ማን ረጅም ነው፣ ማን ፈጣን ነው፣ የትኛው ቡድን ያሰጋችኋል? አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ። ስልክ ለሰላምታ ነው። የጨዋታ ነገር ግን ሜዳው ካልተሳለና ስድስቱ ሰው በነጥብ ካልተቀመጠ አይገባም። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና፣ «ልጁ አሰልጣኝ የለውም እንዴ?» ትላለች። አሰልጣኝማ አለው፤ አጎት ግን ሌላ ነው አልኳት።

የጉልበት መከላከያ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የኔ ጉልበት የሆነው ባንተ እንዳይደገም።

አጎትህ

ጥር 27

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? እትዬስ እንደምን ናቸው? እኔ ከልምምድ ብዛት ደረጃ መውጣት ካቃተኝ በቀር ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ እየሰፋች ነው። የመኝታ ክፍላችን ሁሉ በእርስዎ ስጦታ ቀንቷል። አንደኛው ከጉልበቴ ይልቅ ለጭኔ ነው የሚሆነው፤ ቢሆንም ሁለቱንም ነው የማደርገው።

ስለ ቡድናችን ልንገርዎ። ኳሱን ለመቺዎቹ የማነሳው እኔ ነኝ። በግራ በኩል የሚመታልን ልጅ ምስማር ይባላል፤ የመታው ኳስ ወለሉ ላይ ተሰክቶ የሚቀር ስለሚመስል ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ሌላ ውድድር የለውም። መሀል ላይ የሚጫወተውን ዝምታ እንለዋለን። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር «እሺ» ከማለት ውጪ አንደበቱን የሰማ የለም። አሰልጣኛችን ለኔ ያለው ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «ሲጨንቅህ አታስብ። ለምስማር ስጥ።»

የሚያሰጋን ያምናው ሻምፒዮን፣ የቴክኒክ ኮሌጁ ነው። መሀል ላይ አንድ ሰው አላቸው፤ እኛ መሰላል ብለነዋል። ሲዘል ክርኑ ከመረቡ በላይ ነው። በወዳጅነት ጨዋታ ገጥመናቸው የምስማርን ኳስ እየመላለሰ አስለቀሰን። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ዳር ነው፣ ለመዝለልም ይዘገያል። ለአሰልጣኙ ብነግረው፣ «አንተ ኳስህን አንሳ» አለኝ።

ውድድሩ መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ? ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ እኔን የሚሰማኝ ዝምታ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መልስ አይሰጥም።

የእትዬን ጉልበት ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 15

ይድረስ ለአይናማው ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለህልኝ? እድሜና ጤና ከነጨዋታው ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህን በምሳ ሰዓት አነበብኩት፣ አውቶቡስ ላይ አነበብኩት፣ ቤት ገብቼም አነበብኩት። ባለቤቴ፣ «እስቲ ወጥ ሳይፈስብህ አስቀምጠው» እስክትል ድረስ ከእጄ አልለየሁትም።

አሰልጣኝህ ጥሩ ሰው ይሆናል፤ ዓይን ግን የለውም። አንተ አለህ። ከዚህ ወረቀት ጀርባ ሜዳውን ስዬልሃለሁ፤ መሰላል ትልቁ ነጥብ ነው። አየህ፣ እሱ ዳር ዳሩን የሚያየው ጭንቅ ሲመጣ ሁሉም ሰው ለዳሩ መቺ እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ነው። አንተም ለምስማር እንደምትሰጥ ያውቃል። ስለዚህ ቀላል ነው። መጨረሻው ዙር ላይ፣ ነጥቡ እኩል ሆኖ አዳራሹ ሲጮህ፣ ለመሀለኛው ስጥ። አጭርና ፈጣን ኳስ። መሰላል ዞሮ እስኪመለስ ዝምታ መትቶ ይጨርሳል።

አንዴ ቢያቅተው እንኳ እንዳትሸሽ። እንደገና ለመሀለኛው ስጥ። ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ያን ጊዜ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ በሆዴ ስጮህ የነበረው ይህንኑ ነው። «ለመሀለኛው! ለመሀለኛው!» እያልኩ ፎጣውን ነክሼ ቀረሁ።

አሰልጣኙ ሊቆጣህ ይችላል። ይቆጣ። ዋንጫውን ስታነሳ ይረሳዋል። አንተ ብቻ እሺ በለኝ። ከዚህ ወዲያ አንተን የምጠይቅህ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው ባለቤቴ ናት፤ ከምትሠራበት የሕፃናት ማቆያ ስትወጣ በዚያው ታልፋለች። ቶሎ ይደርስሃል። በርታልኝ።

አጎትህ

መጋቢት 24

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ውጤቱን ከእናቴ ሰምተዋል። ፍጻሜ ደርሰን ሁለተኛ ወጣን። ከቴክኒክ ኮሌጁ ጋር አምስት ዙር ተጫውተን፣ አስራ ሦስት እኩል ከሆንን በኋላ የመጨረሻውን አስራ አምስት ለአስራ ሦስት ተሸነፍን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቴ እንኳ ሥራዋን ዘግታ መጥታ ከኋላ ቆማ አይታለች። በኋላ፣ «ጥሩ ነበር የተጫወታችሁት» አለችኝ፤ ስለ ኳስ ምንም እንደማታውቅ እያወቅሁ ደስ አለኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከውድድሩ በኋላ ነው። ምን ይደረጋል፣ ፖስታ ነገር ነው። ሥዕሉ ግን በጣም ግልጽ ነው፤ ለመጪው ጊዜ ይጠቅመኛል። አሁን ፈተና እየደረሰ ስለሆነ ልምምድ አቁመናል። ከእንግዲህ ምንም እንዳይልኩልኝ፤ ሁሉ ነገር አለኝ። ይልቅ የእርስዎን ደህንነት ይጻፉልኝ።

ለእትዬ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 16

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለኔስ ሰላም የለኝም፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ።

ከውድድሩ በኋላ ደረሰኝ ያልከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፤ እኔ የጻፍኩት ገና በየካቲት እኩሌታ ነው። ባለቤቴን፣ «መቼ ነው ፖስታ ቤት ያስገባሽው?» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቦርሳ ቀይራ ነበር አሉ! የኔ ደብዳቤ አሮጌው ቦርሳ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከከረሜላ ወረቀትና ከቁልፍ ጋር ተቀምጦ ነበር። ገና «ረስቼው ነበር» ስትል ተነስቼ ወጣሁ። የቀረውን ብሰማው ምን ይጠቅመኛል?

አየህ፣ ያኔ ጉልበቴ ነው ያስቀመጠኝ። ጉልበትን ማንም አይወቅስም። አሁን ግን በቦርሳ! በቦርሳ ነው እንደገና ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። አስራ ሦስት እኩል ስትሆኑ፣ አዳራሹ ሲጮህ፣ እኔ እዚያ መሆን ነበረብኝ። በወረቀትም ቢሆን። ዋንጫው የኛ ነበር።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከሷ ጋር አንነጋገርም። እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ዕለት ልብሷን ይዛ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ትሂድ አልኩ።

እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ኳሶች ለማን ነው የሰጠኸው? ለምስማር ነው አይደል? አውቀዋለሁ። እኔ ብነግርህ ኖሮ ለሱ አትሰጥም ነበር።

አጎትህ

ግንቦት 5

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎን ከልብ እመኛለሁ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ትምህርት አልገባ ብሎኛል።

ጋሼ፣ በሞቴ ከእትዬ ጋር ይታረቁ። ኳስ ነው። እሳቸው ምንም አላጠፉም። ሰው ቦርሳ ይቀይራል፣ ይረሳል። ደብዳቤው ቀድሞ ቢደርስም እኮ እንደምናሸንፍ በምን ይታወቃል? ይሂዱና ያምጧቸው። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለታችሁ እንደተለያያችሁ እያወቅሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ስለጠየቁኝ ነገር፣ ኳሶቹን በደንብ አላስታውሳቸውም።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 22

ለእህቴ ልጅ፣

ደግነትህ ደስ ይላል፤ የእናትህን ወስደሃል። ግን አትማልድ። የመጨረሻዋን ኳስ የማያስታውስ ኳስ አንሺ በዓለም ላይ የለም። ለኔ አዝነህ ነው የማትነግረኝ፤ ይገባኛል። እሷ መልእክት ልካልኝ ነበር፤ አልመለስኩም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ለሥራ ያመቻል።

አጎትህ

ሰኔ 14

ይድረስ ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት እባክዎ ይቀመጡ። ቆመው እንዲያነቡት አልፈልግም።

ደብዳቤዎ ከውድድሩ በኋላ አይደለም የደረሰኝ። የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ነው። ወደ አዳራሹ የሚወስደን አውቶቡስ ሊነሳ ሲል የዶርማችን ጥበቃ እየሮጠ መጥቶ በመስኮት ሰጠኝ። ፖስታው ላይ «አስቸኳይ» የሚል ትልቅ ማኅተም ነበረበት። መንገዱን ሙሉ አነበብኩት። ዝምታ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ሥዕሉን አሳየሁት። «እሺ» አለኝ።

መሰላል ያን ቀን አልተጫወተም። በግማሽ ፍጻሜው ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ክራንች ይዞ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። በሱ ቦታ አንድ አጭር ልጅ አስገቡ። ገና ሲያሟሙቅ ፌንጣ አልነው። ዓይኑ መሀል ላይ ነው፣ ከመቺው ጋር እኩል ይዘላል። እርስዎ ይህን በምን ያውቃሉ? እኔ ግን አራት ዙር ሙሉ ፊት ለፊት አየሁት። ምስማር ደግሞ ያን ቀን የሚያቆመው አልነበረም። እጁ ላይ የደረሰች ኳስ ሁሉ ነጥብ ነበረች።

አስራ ሦስት እኩል ሆንን። አሰልጣኙ ከመስመሩ ዳር «ለምስማር! ለምስማር!» ይላል። ምስማር በግራ በኩል ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ይጠራኛል። ኳሱ ወደኔ ሲመጣ ግን የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው። ፎጣ ነክሰው የቀሩት ታየኝ። ጋሼ ስንት ዓመት የጠበቁት ሰዓት ይኸው መጣ አልኩ። ለዝምታ ሰጠሁት። ፌንጣ እዚያው ነበር፤ ኳሱ እግራችን ሥር ወደቀ።

ቀጣዩን እነሱ ሰርቭ አደረጉ። ኳሱ ደህና ሆኖ መጣልኝ። ምስማር ብቻውን ነበር፣ ፊቱ አንድም ሰው አልነበረም። እርስዎ «እንዳትሸሽ፣ እንደገና» ብለው ነበር። እንደገና ለዝምታ ሰጠሁት። እንደገና ፌንጣ መለሰው።

ምስማር እጁን ከላይ እንዳደረገ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አወረደው። አሁን በአባቱ ጋራዥ ይሠራል። አንድ ቀን አግኝቼው ስለ ሁሉም ነገር አወራን፤ ስለዚያ ኳስ ብቻ አላወራንም። አሰልጣኙ አውቶቡስ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ማን ነገረህ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት።

ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በራሴ ዓይን እያየሁ በእርስዎ ዓይን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ብነግርዎ የሚሰማዎትን ስለማውቅ ነው ዘገየ ያልኩት። አንዲት ትንሽ ውሸት ምን ትጎዳለች ብዬ ነበር። እትዬን ከቤት ታስወጣለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ይቅር ይበሉኝ። እሳቸውንም ይቅር በይው ይበሉልኝ፤ እኔ በምን አፌ እላቸዋለሁ?

የእህትዎ ልጅ

ሐምሌ 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ተቀመጥ ብለኸኝ ነበር፣ እኔ ግን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ሥራ ቦታ፣ አንሶላዎቹ መሀል። አለቃዬ አይታኝ ሰው የሞተብኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ። ውሃም ሰጠችኝ። አልተናደድኩብህም። እንደዚያ ብለህ እንዳታስብ። ያ ኳስ ያንተ ነበር፤ እጄን ከዚህ ድረስ ሰድጄ የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። መሰላልን እንኳ አንድ ቀን ሳላየው ሥዕሉን የሳልኩ ሰው! የራሴን የድሮ ጨዋታ ባንተ ጣቶች ልጫወት ፈልጌ ነው። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ። ለምስማርም ለአሰልጣኝህም አጎቴ ነው በላቸው፤ እባክህ፣ ብቻህን አትሸከመው።

ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። ጓደኛዋ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩም ተበላሽቷል፤ በዚህ ጉልበቴ እያነከስኩ ወጣሁ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ደብዳቤህን ከኪሴ አውጥቼ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ አነበብኩላት። ግባ አላለችኝም፣ በሩንም አልዘጋችም። ስለ ፌንጣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከዚያ ነው እኔ ላዳምጥ ያልፈለግኩትን የነገረችኝ። ደብዳቤውን አሮጌው ቦርሳ ውስጥ ያገኘችው ውድድሩ ሲደርስ ነው። ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ ሕፃናቱን ለጓደኛዋ ትታ፣ ዋናው ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ልትደርስ ሮጠች። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። በአስቸኳይ አስላከችው። ለኔ ልትነግረኝ ነበር፣ እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግኩ።

ይቅር በይኝ አልኳት። እንሂድ ወደ ቤት አልኳት፤ «ትንሽ ልቆይ» አለች። አልለመንኳትም፣ ለመለመን የሚሆን ፊት የለኝም። ደረጃውን መውረድ ስጀምር ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ያን ቀን ሮጬ ባልደርስ ኖሮ» አለችኝ፣ «ልጁ ያሸንፍ ነበር አይደል?»

አዎ አልኳት።

አጎትህ